ጃራ የተባሉት ትራኦሬ

ስሙን ሲጠይቁት ስሙን ብቻ ነግሮ የማይለቅ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ለእኛ ለወንዝ ዳሯ ከተማ ለሴጉ ሰዎች የደረሱን ክቡር ጃራ ትራኦሬ ናቸው። "ማን ልበል?" ያላቸው ሰው አለቀለት። "ቁጭ በል፣ ስሜ ረጅም ነው" ይሉታል።

ትራኦሬና ጃራ ሁለት የዘር ስሞች ናቸው፤ ከቅድመ አያት ጀምሮ "አደንጓሬ በሊታ" እየተባባሉ፣ እየተሰዳደቡ የሚዋደዱ ዘሮች። ታዲያ ትራኦሬው ሰውዬ የጃራዎችን የዘር ስም መጠሪያቸው ያደረጉት እንዴት ነው? እናታቸውን ምጥ የያዛት ወንዙ ጢም ብሎ በሞላበት ቀን ነበር። ደፍሮ በታንኳ ያሻገራት አንድ ጃራ ብቻ ነው። አባትየው "እንግዲያው የልጄ ስም ጃራ ይሁን" ሲል ዘመድ አዝማዱ ጉድ አለ፦ "ልጃችንን በአደንጓሬ በሊታዎች ስም?!"

"ትርጉሙ አንበሳ ነው" ይላሉ ክቡርነታቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው። አንድ ቀን መታወቂያ ሊያወጡ ሄደው ጸሐፊው "አባባ፣ ይሄ እኮ የዘር ስም ነው፤ የራስዎን ይንገሩኝ" ቢላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወረፋው ከበር አልፎ መንገድ ሲደርስ እሳቸው ገና ወንዙ መሃል ናቸው።

እኔ ባካሪ ጃራ እባላለሁ። ጃራ ነኝና ጠዋት ጠዋት ሳልሰድባቸው ሥራ አልገባም።

"እርስዎ አደንጓሬ በሊታ፣ ስማችንን መቼ ነው የሚመልሱልን?"

"ዝም በል አንተ ሆዳም! እኔ ባልሸከመው ማን ያከብርላችሁ ነበር? አሁንማ ትራኦሬው ሁሉ ልጁን ጃራ እያለ ነው።"

ውሸታቸውን ነው፤ አንድም ሰው አላለም። አምስት ሴት ልጆች ድረዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ግን የሚያወጡት አማቾቻቸው ናቸው። አምና ሰባተኛው የልጅ ልጃቸው ስም ሲወጣለት አጠገባቸው ነበርኩ። የልጁን ስም ለሕዝብ የሚያውጀው አዝማሪ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ አጨበጨቡ። ከዚያ ቀስ ብለው "የታንኳው ነገር ከእኔ ጋር ሊቀበር ነው፣ ባካሪ" አሉኝ። ያን ቀን መስደብ አቃተኝ።

ዘንድሮ ሚስቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ስም በሚወጣበት በሰባተኛው ቀን ክቡርነታቸው ከሁሉ ቀድመው መጥተው ፊት ተቀመጡ። ልጄን ጃራ እንዳልለው ጃራ ጃራ ሊሆን ነው፤ መንገደኛ ሁሉ ይስቅበታል። ስለዚህ ሚስቴን አማክሬ ለአዝማሪው በጆሮው ነግሬው ነበር።

"ትራኦሬ!" ብሎ ጮኸ አዝማሪው። "ትራኦሬ ጃራ!"

"ኧረ በሕግ! አደንጓሬ በሊታ ከእኛ ቤት?" ብለው ተንጫጩ ዘመዶቼ።

ክቡርነታቸው ግን፣ እኔ ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቃል ጠፋቸው። ሕፃኑን ተቀብለው አቀፉት። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ፤ የእኔም አልቀረም። ኮራሁባቸው። በመጨረሻ ጎንበስ አሉና በጆሮው እንዲህ አሉት፦

"አንተ ሆዳም፣ ቶሎ እደግ። ስምህ ረጅም ነው።"