የጋሽ ጉ ምክርና የእኔ ምድጃ

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን ዐዋቂ አለ፤ የሌለበት ሰፈር ካገኛችሁ፣ ሰውዬው ጎረቤት ሰፈር ሊመክር ሄዶ ነው። ከደመናው ተራራ ግርጌ፣ በእኛ በዕድሜ ማርዘሚያ እንክብል ቀማሚዎች መንደር፣ ማዕረጉን የያዙት ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ጉ ባዎሻን ናቸው። ዕድሜያቸው ሁለት መቶ ሠላሳ። አንዲት እንክብል ቀምመው አያውቁም፤ ምድጃቸውን ሾርባ ያፈሉበታል።

«እኔ ብሆን…» ብለው ከጀመሩ አለቀላችሁ! ጎረቤቴ ሊያን ሰይፏ ላይ ቆማ ስትበር «እኔ ብሆን ወደ ግራ ነበር የምታጠፈው» አሏት። ታጠፈች፤ የደወሉን ማማ ይዛው ወረደች። የክታብ ጸሐፊውን «ቀለሙን አወፍር» አሉት፤ ዝናብ መጥሪያው ክታብ ሦስት ቀን እንቁራሪት አዘነበብን።

እኔ ሹ ግን ብልጥ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ከጀርባዬ ቆመው «እኔ ብሆን እሳቱን እጨምር ነበር» ሲሉ እቀንሳለሁ፤ «ቀንስ» ሲሉ እጨምራለሁ። እንክብሎቼ አማሩ። ችሎታዬ መስሎኝ!

የቀማሚዎች ማኅበር ፈተና ደረሰ። ሁለቴ ወድቄያለሁ፤ ሦስተኛ ከወደቅኩ ምድጃዬን ተነጥቄ ከመንደሩ ልባረር ነው። በፈተና አዳራሽ ትንፍሽ ማለት ክልክል ስለሆነ ጋሽ ጉን እንደ ቀድሞው ከበር መለሷቸው። እሰይ አልኩ።

ከዚያ ምድጃው ማጉረምረም ጀመረ። ልቀንስ? ልጨምር? ወደ ጀርባዬ ዞርኩ፤ ማንም የለም። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማዳምጠው እሳቱን ሳይሆን ሰውዬውን ኖሯል! ክዳኑ መዝለል ጀመረ፤ ፈታኞቹ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

ያኔ ከግንቡ ማዶ፣ ከዳቦ ሻጯ ደጅ፣ ያ የጋሽ ጉ ድምፅ መጣ፦ «ያውልሽ፣ የሹ ምድጃ ጢስ ቀጥኗል! እኔ ብሆን እሳቱን እጨምር ነበር!»

«ጋሼ፣ ኧረ ልጁን ይተዉት!» አለች ዳቦ ሻጯ። «የእኔን ዳቦ ያሳረሩት አይበቃም?»

«ጨምር በሉት!»

ነፍሴ መለስ አለች። ቀነስኩ። ክዳኑ ረጋ፤ ዘጠኝ እንክብሎች ወርቅ መስለው ወጡ። ዋናው ፈታኝ ጢሙን እያሻሸ «አልፏል» አለ።

ጋሽ ጉ ያረረ ዳቦ እየገመጡ በር ላይ ጠበቁኝ።

«አለፍክ?»

«አለፍኩ፣ ጋሼ!»

«እኔ ባልኖርልህ ምን ይውጥህ ነበር!»

በሁለት መቶ ሠላሳ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ተናገሩ። ዘልዬ አቀፍኳቸው።

«ቀስ በል እንጂ! እኔ ብሆን ላላ አድርጌ ነበር የማቅፈው!»

አጠበቅኩ።