አክተሩ ጽዋውን የት አደረሰው?

ቀጣይ ክፍል ያለው ነገር ሁሉ ያሰጋኛል። አንድ ጊዜ ያማረ ነገር ተመልሶ ሲመጣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ልብሱ ብቻ ነው። የምንወደው ምግብ ቤት ታድሶ ሲከፈት ወንበሩ ይለሰልሳል፣ መብራቱ ይበዛል፣ ጥብሱ ግን ጥብስ መሆኑን ይረሳል። የድሮ የክፍል ጓደኞች ከሃያ ዓመት በኋላ ሲሰባሰቡ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሳቅ ነው፤ የቀረው ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት። እናንተም የየራሳችሁ አላችሁ። የእኔ ግን ጌም ነው። አዎ፣ ጌም። ሽበቴን አይታችሁ አትሳቁ።

የጌሙን ስም አልነግራችሁም፤ እኛም በስሙ ጠርተነው አናውቅም። የካ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ባሕር ዛፉ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ሳሎናቸውን ጌም ቤት አድርገውት ነበር። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል። እትዬ ዘነበች ጥግ ላይ ምስር እየለቀሙ ሁሉንም ያያሉ። ሕጋቸው አጭር ነበር፦ ምን እየተደረገ እንደሆነ ያልተነገራቸው ጌም በቤታቸው አይከፈትም። ሰይጣን ካለበት ይጠፋል። ደጉ ሰው ያለ ምክንያት ሰው ከመታም ይጠፋል።

ችግሩ ጌሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። እኛን በእንግሊዝኛ ከክፍል ወደ ክፍል ያሳለፈን ደግሞ አጠገባችን የተቀመጠው ልጅ ነው። ከመካከላችን ቋንቋውን የሚያውቅ ኤልያስ ብቻ ነበር። ቢያንስ አውቃለሁ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን። አክተሩ (መሪውን ሰውዬ ሁሉ አክተሩ ነበር የምንለው) ቆዳ ጃኬቱን ለብሶ ገደል ላይ በጣቱ ጫፍ ተንጠለጠለ፣ አንድ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ገባ፣ ጠባቂዎቹን አነጠፋቸው፣ ከመሠዊያው ላይ የወርቅ ጽዋ ብድግ አደረገ። የእትዬ ዘነበች እጅ ምስሩ ላይ ቀጥ አለ።

«ምን ሊያደርገው ነው ይኼ ልጅ?»

ሁላችንም ኤልያስን አየነው። ኤልያስ ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ «ጽዋው ከቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ ነው፤ ሌቦቹ እዚህ ደብቀውት ነው። ወደ ቦታው ሊመልሰው ነው የሚያወጣው» አለ።

«እሰይ! የእናቱ ልጅ!»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን። ሁለት ክፍል፣ ሁለት ክረምት። አክተሩ ደሙ ሲቀንስ ከጠርሙስ የሚጠጣው ጠበል ሆነ። ጠባቂዎቹ የሌቦቹ ቡድን ሆኑ። አንዴ አክተሩ ሥጋ ሲበላ ታየና እትዬ ዘነበች «ረቡዕ አይደል እንዴ?» አሉ፤ ኤልያስ «እዚያ አገር ማክሰኞ ነው» አለ። ጌሙ ውስጥ አንድ በር ፍለጋ ሳምንት ሙሉ የተንከራተትንበት ጊዜ ነበር። በሩን ሳናገኝ እንጦጦ ጫካ እንወጣና ከዛፍ ዛፍ እየተወዛወዝን፣ በእርጥብ ቅጠል እየተንሸራተትን፣ የት ሊሆን እንደሚችል እንከራከራለን። እስካሁን ባሕር ዛፍ በዝናብ ሲሸተኝ ያ ያልተገኘው በር ትዝ ይለኛል። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ አክተሩ ጽዋውን ይዞ ጀልባ ላይ ወጣ። «ሊያስረክብ እየሄደ ነው» አለ ኤልያስ። እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ጎረቤት ማን ወለደ ብሎ መጣ።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ። ልጅ ሁሉ ጌሙን በኪሱ መያዝ ሲጀምር ጌም ቤቱ ተመልሶ ሳሎን ሆነ። እኔ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ኤልያስ ቄስ ሆነ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው፤ እዚያው የካ ያገለግላል። ሰው ፊት «አባታችን» እለዋለሁ፣ ሰው ዞር ሲል «አንተ» እለዋለሁ፤ መሃል ላይ ሰው ድንገት ሲመጣ ደግሞ ግሡ አፌ ውስጥ ይሰበራል።

በቅርቡ እትዬ ዘነበች ዳሌያቸው ተሰብሮ ቤት ዋሉ። ከመገናኛ ሙዝ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። የሚወራው ሲያልቅብን፣ «ያ ጌም እኮ ሦስተኛው ክፍል ወጣ» አልኩ። ከትራሱ ቀና አሉ።

«ያ ልጅ? ጽዋውን አደረሰ?»

«ገና አላየሁትም።»

«ቅዳሜ ይዘኸው ና። አባ ኤልያስንም ጥራልኝ፤ ያለ እሱ አይገባኝም።»

ያን ያህል ዓመት ሰውዬው ጀልባ ላይ ነበር ለእሳቸው። ለእኔም።

ኢንተርኔቱ ጌሙን ለማውረድ አራት ቀን ፈጀ። ከፈትኩት። ያምራል፤ መመስከር አለብኝ። እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ይንቀጠቀጣል። ግን መንገድ መጥፋት ቀርቷል። የምትሄዱበትን ቢጫ ቀስት ያሳያችኋል። ቀስቱን ችላ ካላችሁ አንዲት ሴት በአክተሩ ጆሮ ትናገራለች። እሷንም ካልሰማችሁ አክተሩ ራሱ «ወደ ግራ ብሄድ ሳይሻል አይቀርም» ይላል። ያኔ አንድ ቃል ሳይናገር ገደል የሚወጣው ሰውዬ አሁን አንድ ደረጃ ሲወርድ ሦስት ቀልድ ይቀልዳል። የሰፈር ጀግና አርጅቶ የሠርግ አጫፋሪ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይህን ሁሉ ይቅር እል ነበር። ግን የአክተሩ ቤት ገባን። ትልቅ ቤት፣ የመስታወት መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ጽዋው። ከጽዋው ጎን የውስኪ ጠርሙስ። አሁን እንግሊዝኛ አውቃለሁ፤ ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። አክተሩ ጽዋውን ከመቅደሱ እንዴት እንደሰረቀው ለእንግዳ እያጫወተ ነው። በኩራት።

ሌባ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሄድኩ። ሁለት እናቶች መስቀል እየተሳለሙ ስለነበር «አባታችን፣ ትንሽ ጉዳይ ነበረኝ» አልኩ። እናቶቹ ሲርቁ፣ «አንተ፣ ጉድ ሠርተኸናል! ታውቅ ነበር?»

ነገርኩት። ብዙም አልደነገጠም።

«የመጀመሪያ ቀን ገምቼ ነው የተናገርኩት» አለ። «በሳምንቱ የወንድሜን መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ገባኝ። ግን እሳቸው ለሰውዬው ስለት ተስለውለት ነበር። ምን ልበላቸው?»

«እንግዲያው ቅዳሜም ያንኑ ትላቸዋለህ።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«የንስሐ አባታቸው ነኛ! እሳቸው ኃጢአታቸውን ሲነግሩኝ እኔ የራሴን እየዋጥኩ ነው የምሰማው። ባለፈው እንኳ ምን አሉኝ መሰለህ...» አለና አፉን በነጠላው ያዘ።

«ከአልጋ የሚያነሳቸው ደስታ ይኼ ብቻ ነው፤ ትቀማቸዋለህ?»

«ልዋሻቸው?»

ሌላ ጌም ይዘን እንሂድ አልኩ። ጽዋውን እንደ ልጃቸው ነው የሚያውቁት አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ወጣን። እትዬ ዘነበች አዲስ መነጽር አድርገው፣ ነጭ ለብሰው፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ተቀምጠዋል። መስቀሉን ተሳለሙ። አክተሩ ብቅ ሲል፣

«ሸብቷል! እሰይ፣ እኔ ብቻ መስሎኝ» አሉ።

እኔ በጣቴ ቤቱን በሩጫ ላሳልፈው ሞከርኩ። ጌሙ ግን እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ማስቸኮል አይወድም፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

«ያ ጽዋው አይደለም?»

ወደ ኤልያስ ዞርኩ።

«አባ ኤልያስ፣ እዚህ ምን ይሠራል?»

ኤልያስ መስቀሉን በሁለት እጁ ጨበጠ። «እማማ፣ አልመለሰውም። ያኔም ሊመልሰው አልነበረም። ሰርቆት ነው። የመመለሱን ነገር እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ምን እንደሚመጣ ጠበቅኩ፤ ልቅሶ፣ እርግማን፣ የጫማ ውርወራ። እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

«አንተን ቆይ» አሉት። ቄስ ከሆነ ወዲህ አንተ ሲሉት መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። «አሁንስ ወዴት እየሄደ ነው?»

አክተሩ አዲስ ደሴት ደርሶ ነበር። አዲስ መቅደስ፣ አዲስ መሠዊያ፣ አዲስ የወርቅ ዕቃ። ቢጫው ቀስት ዕቃው ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ሴትዮዋ በጆሮው «አንሣው» ትላለች።

«ሊወስድ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ማን ነው የሚወስደው?»

«እሱ ነዋ።»

«እጁን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው?»

እጄ ላይ ያለውን ጆይስቲክ አየሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ጥያቄ መጥቶብኝ አያውቅም።

«እኔ።»

«ታዲያ አስወጣዋ!»

«ካልወሰደ እኮ ጌሙ አይቀጥልም።»

«ማን ቀጥል አለህ? አስወጣው አልኩ!»

አዞርኩት። ቀስቱ ከኋላው ቀረ። ሴትዮዋ ጮኸች፣ አክተሩ ራሱ «መመለስ ያለብኝ ይመስለኛል» አለ፤ እትዬ ዘነበች «ዝም በልና ሂድ» አሉት። የመጣንበት ድልድይ ተሰብሯል፤ ጌሙን የሠሩት ሰዎች የሚመለስ ይኖራል ብለው አላሰቡም። ዘለልኩ፣ ወደቀ፣ ሞተ፣ መሠዊያው ፊት ተነሣ። እንደገና ዘለልኩ፣ እንደገና ሞተ። «ተነሥ ልጄ» ይላሉ እትዬ ዘነበች በየሞቱ። ኤልያስ ቆቡን አውልቆ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ «በግራ በኩል ድንጋይ አለ፣ እሱን ያዝ፣ አይ አንተ፣ ድሮም እጅህ ከባድ ነው» ይለኛል። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ ድንጋዩን ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ቀስት አልነበረም፣ የሚያወራ ሰው አልነበረም። መንገዱ ጠፋን። ደስ ሲል! ባሕሩ ዳር ስንደርስ የአክተሩ እጅ ባዶ ነበር።

ጀልባው ግን አልነቃነቅ አለ። ዕቃውን ያልያዘ ሰው አይጭንም።

«እዚህ ላይ ያበቃል» አልኩ።

እትዬ ዘነበች ወደ ኤልያስ ዞሩ።

«አንተ ነህ እዚህ ያመጣኸው። ባሕር ዳር ጥለኸው ልትሄድ ነው?»

«እማማ፣ ሁለተኛ አልዋሽዎትም።»

«ማን ዋሽ አለህ? ያኔ የበደልከኝ ምን ሆነና፤ ተረት መሆኑን ሳትነግረኝ መጀመርህ ነው። አሁን እንደ ደንቡ ጀምረህ አድርስልኝ።»

ኤልያስ አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ነጠላውን አስተካከለ፣ ዕድሜው ከድምፁ ላይ ሲወርድ ሰማሁት።

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት» አልን፣ እሳቸውና እኔ።

ስክሪኑ ላይ አክተሩ ባሕሩን እያየ ቆሟል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ቴሌቪዥኑን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ እትዬ ዘነበች ያዙኝ።

«ተወው» አሉኝ። «እሱም ይስማ።»