ጋሼ ትንሽ ቀረችው

በየሙያው አንድ «ትንሽ ቀረችው» ባይ አይጠፋም። ልብስ ሰፊም ይሁን ቀለም ቀቢ፣ ሥራውን ከእጁ ለማስለቀቅ ሽማግሌ መላክ ያስፈልጋል። የእኛው ክቡርነታቸው ለመዘምራን ቡድን ኖታ የሚያዘጋጁት ጋሼ ናቸው፤ ቅጽል ስማቸውን ከርእሱ አንብባችኋል።

ጋሼ ኖታ በእጅ አይስሉም። ኮምፒውተራቸው ላይ ትእዛዙን በፊደል ይጽፋሉ፣ ፕሮግራሙ ኖታ አድርጎ ያወጣዋል። ለሌላ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እሳቸው ግን አጫጭር ኖታዎችን የሚያያይዘው ወፍራም መስመር ካላማረ እህል አይቀምሱም። «ዘመመ» ብለው ትእዛዙ ውስጥ ያለውን ቁጥር ይቀይራሉ፤ «አሁን ደግሞ ደረቀ» ብለው ይመልሱታል። ብቻዋን የቆመች ኖታ ጭራማ አታንሷት! ለአንዲት ጭራ ሦስት ቀን ፈጅተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብሶባቸዋል።

የመዘምራኑ መሪ በየማለዳው ትደውላለች።

«ጋሼ፣ አላለቀም እንዴ?»

«ትንሽ ቀረችው፣ የኔ ልጅ።»

«ትናንትም ትንሽ ነበረች እኮ!»

«ትናንት ጭራዋ ነበረች፣ ዛሬ መስመሯ ናት። ለመሆኑ ጉንፋኑ ለቀቀሽ?»

ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር ይላል። እስከ ነገ ጠዋት ሌላ የሚደውል የለም።

እውነቱን እናውጣው፤ ሥራው ካለቀ ወር አልፎታል። ጋሼ አንድ ቀን ያጣመሙትን መስመር በማግስቱ ያቃናሉ። ካስረከቡማ ማን ይደውላል?

አንድ ቀን ዱብ ዕዳ መጣ። «ጋሼ፣ ልምምዱ ነገ ነው። ዛሬ ካልላኩልኝ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለች። ደነገጡ። በጥድፊያ ያለቀውን ኖታ ከነትእዛዝ ጽሑፉ አያይዘው ላኩት።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በትእዛዞቹ መሀል ፕሮግራሙ የሚዘልለው፣ ወረቀት ላይ የማይወጣ ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል። ጋሼም ጽፈው ነበር።

«ማክሰኞ፦ መስመሩን አጣመምኩ። ጉንፋን ይዟታል።»

«ረቡዕ፦ አቃናሁ። ልጇ ጥርስ አወጣች።»

«እሑድ፦ አልደወለችም። ምንም አልነካሁም።»

የላኩትን ሲያዩ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ቀኑን ሙሉ ስልኩ ዝም አለ። ጋሼም ወንበራቸው ላይ ኩርምት ብለው «አለቀልኝ» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ስልኩ ጮኸ። መሪዋ ናት፤ የታተመው ኖታ እጇ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አላለቀም እንዴ?»

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

«ትንሽ… ትንሽ ቀረችው፣ የኔ ልጅ።»

«በሉ አይቸኩሉ፤ ነገም እደውላለሁ» አለች።