ሚጥሚጣ ለምን ትጮሃለች?

ቤት ሲቃጠል ሰው ሁሉ ውሃ ፍለጋ ይሮጣል፤ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ «እሳቱ በየት በኩል ነው የጀመረው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ የት እንደተዋወቁ፣ ለቅሶ ላይ ሟቹ በመጨረሻ ምን እንደቀመሱ ሳይጠይቅ ከመቀመጫው አይነሳም። ዳባት ሁለት አሉ ይባላል፤ ኮሶዬም አንድ አይጠፋም። የሁሉም አውራ ግን የደባርቁ ጋሽ ያርጋል ናቸው።

ጋሽ ያርጋል ሠላሳ ዓመት ቤት ለቤት እየዞሩ ሰውና ከብት ሲቆጥሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጥያቄያቸው ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ጎረቤታቸው መምህርት መስከረም ናት። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ዕለት፣ ሻንጣዋን ከባጃጅ ሳታወርድ የቤተሰቧን ብዛት፣ የአባቷን ሥራና በልጅነቷ ኩፍኝ ወጥቶባት እንደሆነ ጠየቋት። ለምን እንደሚጠይቁ ብትጠይቃቸው፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ካየች በታችኛው መንገድ ዞራ ነው የምትገባው።

እንግዲህ ሚጥሚጣ የምትባል ውሻ አለች። ቁመቷ ከጀሪካን አይበልጥም። ድብ ባሕር ላይ አውቶቡስ የቆመ ጊዜ መስከረም ከጎማው ሥር አግኝታ በሻርፕ ጠቅልላ ያመጣቻት ናት። ዘመድ በሌላት ከተማ በሯን ስትከፍት የሚጠብቃት ፍጥረት ይህች ብቻ ስለሆነች፣ መስከረም ያለ ልክ ትወዳታለች። ሚጥሚጣ ግን ትጮሃለች። ውሻ መጮሁስ ወጉ ነው፤ የማይጮህ ውሻ ማን ይቀልባል? ይህችኛዋ ግን ስትጀምር ማብቂያ የላትም፤ መንገደኛው ታጥፎ ከጠፋ በኋላ እንኳ የቀረባትን ትጨርሳለች።

አከራዩን አያ ገዱን ያንገበገባቸው ጩኸቱ አልነበረም። በገዛ ግቢያቸው፣ በእሳቸው ላይ መጮኋ ነው። «ውሻ ሰው ያውቃል» ይባላል፤ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ሲያያቸው፣ እኚህ ሽማግሌ ምን ክፉ ነገር ቢያስቡ ነው እያለ የሚሄድ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን ቁርጡን ነገሯት።

«ስሚኝ ልጄ፣ ለኅዳር ሚካኤል ዝክሬ ነው። ከደጋው ዘመድ ይመጣብኛል። እስከዚያ አደብ ከገዛች ትኑር። ካልገዛች አንቺ ትኖሪያለሽ፣ እሷ ትሄዳለች።»

የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። መስከረም ተቆጣቻት፤ ሚጥሚጣ እመቤቷም አብራት የምትጮህ መስሏት ባሰባት። ዝም ስትል ዳቦ ሰጠቻት፤ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ባማራት ቁጥር መጮህ ጀመረች። ቤት ዘጋችባት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የበሩ ቀለም በጥፍር ተልጦ ጠበቃት። በዚህ ስድስት ቀን ሄደ። ሲቸግራት ጊዜ የምትሸሸውን ደጅ አንኳኳች።

«ጋሽ ያርጋል፣ ውሻ ዝም የሚያሰኝ ነገር ያውቃሉ?»

«ለምንድን ነው የምትጮኸው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ! ውሻ አይደለች?»

«እና ምክንያቷን ሳታውቂ ነው ዝም በይ የምትያት?» አሉ፣ እንደ መታዘብ ብለው። «ነገርን ከሥሩ…»

«ውሃን ከጥሩ» ብላ ጨረሰችላቸው፤ ሌላ ምርጫም አልነበራትም።

በማግስቱ ክቡር ቆጣሪው በማስመሪያ የተሰመረ ቅጽ ይዘው መጡ። ስም፦ ሚጥሚጣ። ጾታ፦ ሴት። የትውልድ ቦታ፦ በግምት ድብ ባሕር። የጋብቻ ሁኔታ ላይ ሲደርሱ መስከረም «ኧረ ጋሼ፣ ይለፈን» አለች። «ቅጽ ባዶ አይተውም» ብለው «ያላገባች» የሚለውን ሞሉ። ከዚያ ግቢው በር ላይ ድንጋይ ስበው ተቀመጡ፤ ያለፈውን ሁሉ ይጽፉ ጀመር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። መስከረም ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጋሼ፣ ሚካኤል ደረሰብኝ፤ እርስዎ መንገደኛ ይቆጥራሉ!»

«ስምንት ቀን ነበር የሰጠሽኝ። አራቱ ለጥያቄው፣ አራቱ ለመልሱ።»

በአራተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡላት። «ባጃጅ፣ ሠላሳ አንድ፤ ጩኸት የለም። አህያ፣ አሥራ ሰባት፤ የለም። ማዳበሪያ የተሸከሙ ሴቶች፣ ዘጠኝ፤ የለም። ገበሬ፣ ሃያ ሁለት፤ ሃያ ሁለቱም ላይ ጮኸች። አባ ገብረ ኪዳን ከነመቋሚያቸው፤ ጮኸች። ጃንጥላ ዘርግታ ያለፈች ሴት፤ ዝም። ጃንጥላ አጥፎ ያለፈ መምህር፤ ጮኸች። አያ ገዱ ማለዳ ፊታቸውን ሊታጠቡ ባዶ እጃቸውን ሲወጡ፤ ዝም። ተጣጥበው፣ ዱላቸውን አንስተው ሲመጡ፤ ጮኸች።»

መስከረም የሒሳብ አስተማሪ ናት። አብራት ስትኖር ይህን አለማየቷ አሳፈራት። «ዱላ ነው» አለች ቀስ ብላ። ማን እንደመታት፣ መቼና ለምን የሚል መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም። ያን ቀን ጋሽ ያርጋልም አልጠየቁም።

ማወቁ ደግ፤ ነገር ግን ከደባርቅ ወንድ እጅ ዱላ ከማስጣል ሊማሊሞን በአንድ እግር መውጣት ይቀላል። መልመድ ያለባት ውሻዋ ነች። ለዚህ ደግሞ ዱላ፣ ያውም በየቀኑ የምትጮህበት የአያ ገዱ ዱላ ያስፈልጋል። ሁለቱ ተያይዘው ሄዱ።

«ዱላዬን? ለውሻ?» አሉ አያ ገዱ። «አራት ቀን ሙሉ ራቁቴን ልዙር?»

«እርስዎ ላይ አይደለም እኮ የምትጮኸው» አሉ ጋሽ ያርጋል ቅጹን ዘርግተው። «ዱላው ላይ ነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «እኔ ላይ አይደለም?»

«ባዶ እጅዎን ሆነው አንድም ቀን አልጮኸችም። መዝግቤዋለሁ።»

«ይኸን ለሰው ማሳየት ይቻላል?»

«ማኅተም የለውም እንጂ ይቻላል።»

አያ ገዱ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው አስረከቡ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ባዶ እጃቸውን ሲሄዱ ግማሹ «አመመዎት?» አላቸው፤ ግማሹ ሊመነኩሱ ነው ብሎ አማ። እሳቸው ግን ሁሉን ችለው ማታ ማታ «ምን ደረሰች?» እያሉ ይመጡ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ዱላው መሬት ላይ ተጋደመ፤ ዳቦው አጠገቡ። ሚጥሚጣ ከሩቅ ስትጮህበት ውላ ሲመሽ ራብ አሸነፋት። በሁለተኛው ቀን ዳቦው ዱላው ላይ ተደረገ። በሦስተኛው ጋሽ ያርጋል ብድግ ቢያደርጉት ሚጥሚጣ ከመስከረም አልጋ ሥር ገባች፤ እንደገና ከመሬት ተጀመረ። በአራተኛው አያ ገዱ ራሳቸው ዱላውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዳቦ በመዳፋቸው ይዘው ተቀመጡ። «ነይ እስቲ፣ ነይ የኔ እናት» አሉ፤ ልጆቻቸውን እንኳ እንዲህ ጠርተው አያውቁም። በሆዷ እየተሳበች መጣች። ሽማግሌው ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ፤ ጢስ ነው አሉ እንጂ በግቢው የተለኮሰ እሳት አልነበረም።

የሚካኤል ዕለት አሥራ አራት ዱላ በአንድ በር ገባ። ሚጥሚጣ ጆሮዋን አቁማ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ የግቢው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ሄዳ የአያ ገዱን ዱላ አሸተተችና እግራቸው ሥር ተኛች።

«ይህች ውሻ ከዚህ በላይ አትጮህም እንዴ? ታዲያ ምን ትሠራልሃለች?» አለ ከአምባራስ የመጣ ዘመድ።

«ምክንያት ካላት ትጮሃለች» አሉ አያ ገዱ ኮራ ብለው።

ሚጥሚጣ ከግቢው ሳትወጣ ቀረች። ከበሩ የቀሩት ጋሽ ያርጋል ናቸው፤ ጥያቄያቸው መልስ አግኝቷልና በር ላይ የሚያስቀምጣቸው ነገር አልነበረም። መስከረም መጀመሪያ እፎይ አለች። ሳምንት ሲሞላው ያ ድንጋይ ባዶውን ሲውል ቅር አላት። በሁለተኛው ሳምንት ሰውዬው እንደናፈቋት ለራሷ አመነች፤ ሄዳም በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ሚጥሚጣ ከመተኛቷ በፊት ሦስት ጊዜ ትዞራለች። ለምንድን ነው?»

ጋሽ ያርጋል ማስመሪያቸውን ፍለጋ ብድግ አሉ። «ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የምትዞረው?»

ሁልጊዜ ወደ ግራ እንደሆነ መስከረም ታውቃለች።

«እሱን አላየሁም» አለቻቸው። «መጥተው ቢያዩት ነው የሚሻለው።»