በቀብድ የተገዛች በቅሎ

ቀብድ ሁሉ ትርፍ የሚመስለው ኮንትራት ያዥ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም ግንበኛ አድርጎ ቀጥሮኝ። በጣሊያን ጊዜ ነው። አያ ደምሴ ከአምባ ጊዮርጊስ በታች ባለው ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ ሊሠሩ ከጣሊያኖች ጋር ተዋዋሉና ቀብዱን ተቀበሉ። በዚያ ገንዘብ ኖራ ይገዛበታል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም አስቤ ነበር። እሳቸው ግን ጎንደር ወርደው ሰጋር በቅሎ ገዙ።

«ምነው አያ፣ ኖራውስ?» አልኋቸው።

«በእግሩ የሚሄድ ኮንትራት ያዥ ማን ያምነዋል? በቅሎዋን ያየ ሁሉ ሥራ ይሰጠኛል። በዚያኛው ቀብድ የዚህኛውን ኖራ እንገዛለን» አሉኝ።

ሸጋ ሐሳብ ነው። እውነትም ሌላ ሥራ አገኙ። በዚያኛው ቀብድ ግን ኮርቻ ገዙበት። በቅሎ ያለ ኮርቻ ምን ታደርጋለች?

ክረምቱ ሲቃረብ የጣሊያኑ መሐንዲስ ሥራውን ሊያይ መጣ። አያ ደምሴ በቅሎዋ ላይ እንደተቀመጡ ወንዙን ተሻግረው ተቀበሉት፤ እኔም በእግሬ ተከትያቸው ተሻገርኩ። «ድልድዩ የታለ?» ሲል በአስተርጓሚው አስጠየቃቸው።

«ምን አስቸኮለው? መሻገሩን እንደሆነ ይኸው ተሻገርኩ» አሉ።

አስተርጓሚው ይህን እንዴት አድርጎ እንደነገረው አላውቅም። መሐንዲሱ በቅሎዋን ከነኮርቻዋ አስነድቶ ሄደ። የእኛም ደመወዝ አብሯት ሄደ።

ወደ ቤታችን ለመመለስ ሱሪያችንን ሰብስበን ወንዙ ውስጥ ገባን። መሐል ስንደርስ ውሃው አያ ደምሴን እስከ ወገባቸው ዋጣቸው። ቆም ብለው ወዲያና ወዲህ አዩና በቁም ነገር እንዲህ አሉኝ፦

«እዚህ ላይስ ድልድይ ያስፈልጋል።»