የሚራመደው ጣሪያ

ከንቲባ የሌለው ከተማ አይቻለሁ። ውሃ የሌለው፣ መብራት የሌለው፣ ጭራሽ መንገድ የሌለውም አይቻለሁ። አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ቆሞ የትራንስፖርቱን ችግር በአንድ ሳምንት የሚፈታ ሰው የሌለው ከተማ ግን እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም፤ ወደፊትም የሚቆረቆር አይመስለኝም። ሙቀቱ ሲበረታና ሰልፉ ሲረዝም ይህ ፍጡር ከአስፋልቱ ስንጥቅ ውስጥ ብቅ ይላል። ሹፌር አይደለም። መንገድ ሠርቶ አያውቅም። ብስክሌት ላይ አውጥተው ቢለቁት ግድግዳ ፍለጋ ይሄዳል። እርግጠኛ የሆነበት ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ከእሱ በፊት ያሰበ ሰው ሁሉ ተሳስቷል።

ለእኛ ሰፈር የደረሰን ክቡር ኢንጂነር ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ለስድብ ነበር። እሱ እንደ ሹመት ተቀበለው። በማግስቱ «ኢንጂነር!» ስለው ቀና ብሎ «አቤት» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራው ሰው የለም።

ሙያው ልብስ ሰፊነት ነው። ሱቁ ከአውቶቡስ መጠበቂያው ፊት ለፊት ነው፤ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ቀጭን ደንበኛ ታስገባለች፤ ወፍራም ደንበኛ ውጭ ቆሞ ይለካል። ሜትሩ ከአንገቱ፣ ጠመኔው ከጆሮው፣ መርፌው ከኮሌታው ወርዶ አያውቅም። አዲስ ሱሪ ያለበሰውን ሰው መስተዋት አያሳየውም። «ተራመድ!» ይለዋል። «ቆሞ የማያምር ሱሪ የለም። ተራመድ እንጂ!» ደንበኛው በመንገዱ ዳር እንደ ሰልፈኛ ወዲያና ወዲህ ይላል። የእሱ ሱሪ፣ ነቃፊው ሆኜ እመሰክራለሁ፣ ቢቀመጡበትም ቢሮጡበትም አይይዝም። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

አላቆመም። «እስቲ አንድ ነገር ልንገርህ» ብሎ ከሱቁ ሲወጣ ሰልፈኛው ሁሉ ደመና እንደሚመረምር ወደ ሰማይ ያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ከወንዙ ወዲህ፣ ሥራችን ከወንዙ ወዲያ ነው። መሀል ላይ አንድ ድልድይ አለ። ጠዋት መኪናው ሁሉ እሱ ላይ ይወጣና እዚያው ያረፍዳል። ጭጋጉ ከውሃው ተነሥቶ ጎማዎቹን ሲሸፍናቸው፣ አውቶቡሶቹ ወንዝ ውስጥ ቆመው እንቅልፍ የወሰዳቸው ከብቶች ይመስላሉ። ሰልፉም ቆሞ ያንቀላፋል። አየሩ ከመሞቁ የተነሣ ከወዲያ ያሉት ሕንፃዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ ጫፋቸው ይሟሟል። እንዲህ ባለ ጠዋት ሰው የማያምነውን ያምናል። ክቡርነቱም የሚመጣው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ያመጣው የአልጋውን ነገር ነበር። ከዳር ዳር ገመድ ይወጠራል፤ ገመዱ ላይ የጨርቅ አልጋ ይንጠለጠላል፤ ሰው ጋደም ይልና ነፋስ ያሻግረዋል።

«ነፋስ ከሌለስ?» አልኩት።

«ትተኛለሃ!»

«ሥራስ?»

«አሁን ቆመህ ምን እየሠራህ ነው?»

ሰልፉ ሳቀብኝ። ነገሩ በዚያ ባበቃ። ማተሚያ ቤት ገብቼ፣ አራሚ ነኝ፣ የሰው ስሕተት እያደንኩ ሳለ፣ ጫማዬን አውልቄ በጨርቅ አልጋ ስንሳፈፍ ራሴን ያዝኩት። ከታች ወንዙ፣ ከላይ ደመናው፣ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። አንድ ገጽ ሙሉ ከነስሕተቱ አለፈኝ። ይህም በእሱ ወንጀል ይመዝገብ።

ቀጥሎ አውቶቡሶቹን ሊያያይዛቸው ተነሣ። «መቼም አይሄዱም» አለ። «ስለዚህ እኛ በውስጣቸው እንሂድ። የኋላውን የፊት በር ከፊተኛው የኋላ በር ጋር ገጥመህ ብትሰፋው፣ ከዚህ ገብተህ በጥላ እየሄድክ ወዲያ ማዶ ትወርዳለህ።»

የአውቶቡሱ ረዳት አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ትኬት ማን ሊቆርጥ ነው?»

«አንተ ነሃ!»

«እኔ የትኛው አውቶቡስ ላይ ነኝ?»

«የትኛውም ላይ ብትሆን ያው ቆመሃል» አለው ኢንጂነር። ረዳቱ እስኪያመው ሳቀ። ሹፌሩ ግን አልሳቀም፤ ረጅም ጊዜ መሪውን ይዞ ከፊቱ ያለውን አውቶቡስ ቂጥ ሲያይ ቆየ።

ከሁሉ የባሰው የእጥፋቱ ነው። አንድ ቀን ቁራጭ ጨርቅ ዘረጋ። በጠመኔ ወዲህ አንድ ነጥብ፣ ወዲያ አንድ ነጥብ አደረገ፤ መሀሉ ላይ ሰማያዊ ክር አጋደመ። «ይቺ ሱቄ ናት። ይቺ ሆስፒታሉ ናት። ወንዙ ይኸውልህ። ሰው ሲከሳ ልብሱን ምን ታደርጋለህ? ታጠበዋለህ።» ጨርቁን አጠፈው። ወንዙ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ ሁለቱ ነጥቦች ተሳሳሙ። በመርፌ ወጋቸውና በመዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ከተማ እንደማይታጠፍ አውቃለሁ። ግን ያቺን ትንሽ የታጠፈች ከተማ ስትተነፍስ ያየኋት መሰለኝ።

ይህ ሁሉ ትግል ለሰፊው ሕዝብ የሚመስለው የዋህ ካለ ላጋልጥ፦ ለአንዲት ሴት ነው። ሁለተኛው ነጥብ፣ ልብ ካላችሁ፣ ሁልጊዜ ሆስፒታሉ ነው። ሚስቱ እዚያ አዋላጅ ናት። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ስትመለስ እግሯ አብጦ፣ ማንኪያ እንደያዘች እንቅልፍ ይጥላታል። «ሕፃን ትራፊክ አያውቅም» ትላለች። አለቃዋም አያውቅም። ደጋግማ በማርፈዷ የመጨረሻ ቃል ተነገራት፦ በሆስፒታሉ ግቢ ክፍል ይሰጣታል፤ እዚያ አድራ ትሠራለች፤ ቤቷን እሁድ እሁድ ታያለች። መልሷን ዓርብ ትሰጣለች። እምቢ ካለችና ያን ቀን እንኳ ከዘገየች ቦታዋን ሌላ ሰው ይወስደዋል።

ይህን የነገረችው እዚያው ሰልፉ ውስጥ፣ በሁላችን ፊት ነው፤ ሌላ የሚያወሩበት ጊዜ የላቸውም።

«እስከ ዓርብ ጊዜ ስጪኝ» አላት።

«ምን ልታደርግ ነው፣ አንተ ሰውዬ? ወንዙን ልትጠልፈው?»

«አስባለሁ።»

«አስብ። እኔ ግን አንሶላዬን አጥፌያለሁ።»

እኔም አላረፍኩም። «እትዬ፣ ዝም ብለሽ ሂጂ፤ እሱ በጨርቅ አልጋ ይጠይቅሻል» አልኩ።

ዞራ አየችኝ። «አንተ ደግሞ ምላስህን እንደ ጃንጥላ ዘርጋው፤ ቢያንስ ያስጠልለን።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ዓሣ ሻጯ እናታችን ሳህናቸውን መሬት አስቀምጠው ግንባራቸውን ጠረጉ። «እውነቷን ነው! ይሄኔ በእግራችን ብንሄድ ደርሰን ነበር። ይኸ ፀሐይ እኮ ነው አቅላችንን የሚያስተን። እሱ ሲተወን ደግሞ ዝናቡ።»

ኢንጂነር በጥርሱ ይዞት የነበረውን ክር ተፋ። «እማማ፣ እስቲ ይድገሙት» አለ። አልደገሙትም። እሱ ግን ሱቁ ገብቶ ነበር።

በማግስቱ ሜትሩን ይዞ በሰልፉ ላይ ወረደ። «ቀጥ በሉ! ትከሻ! እማማ፣ ሳህኑን ከነቁመቱ!» እያለ ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው ለካን። ጫማችን አጠገብ በጠመኔ አሰመረ። ከዚያ የሰፈሩ ቁራጭ ጨርቅ ሁሉ ወደዚያች ሱቅ ሲጎርፍ አየሁ፦ ባለቤቱ ያልተመለሰለት የኮት ገበር፣ ፀሐይ የበላው መጋረጃ፣ አጥንቱ የተሰበረ የጃንጥላ ልብስ። የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ዋለ። እኔ በደጁ አልፌ «ኢንጂነር፣ ለድልድዩ ቀሚስ ነው?» አልኩት። ቀና እንኳ አላለም።

ዓርብ ጠዋት ጣሪያው ወጣ። ሰልፉን የሚያህል ረጅም ጨርቅ ነው፤ ግራና ቀኙ በየእርምጃው በቀርከሃ ምሰሶ ላይ ተሰፍቷል፤ ምሰሶውን ሰልፈኛው ራሱ ይይዛል። «አውቶቡስ አንጠብቅም» አለ። «ጥላውን ይዘን በእግራችን እንሄዳለን። በቃ።»

ሚስቱ ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። «ዛሬ በዚህ ሥር ሄጄ ካልዘገየሁ ክፍሉን እምቢ እላለሁ። ከዘገየሁ ግን ክፍሉን እቀበላለሁ፤ ስማኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

እኔ ምሰሶ የያዝኩት በአጋጣሚ ነው። የሚይዘው ሰው ሳል ያዘውና ለአፍታ ተቀበልኩት።

ተነሣን። ድልድዩ ላይ ስንወጣ ፀሐይዋ ከላይ መጥታ ጨርቁን አበራችው፤ ከሥሩ ያለነው ሁሉ ቀለም በቀለም ሆንን። የዓሣ ሻጯ ፊት አረንጓዴ፣ የአዋላጇ ነጭ ልብስ ጽጌረዳ፣ የእኔ እጅ ሰማያዊ። ነፋሱ ከወንዙ እየመጣ ጣሪያውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ትልቅ እንስሳ በእርጋታ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። በቆሙት መኪኖች አጠገብ ስናልፍ ሞተር ያጠፋ ሹፌር ሁሉ በመስኮት በዓይኑ ይሸኘናል። ያ ረዳት «የት ነው የምትሄዱት?» ብሎ ጮኸ። «ሥራ!» አሉት ዓሣ ሻጯ፤ ሥራ የሚባል ሩቅ አገር ያለ ይመስል። ለመሳደብ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ፉጨት ነው።

ድልድዩ መሀል ላይ ጨርቁ ጮኸ።

ቆሞ የነበረ ሰልፍ ሲራመድ ይረዝማል፤ ፊተኛው ይፈጥናል፣ የኋለኛው ይጎተታል። ለደንበኛው ሁሉ «ተራመድ!» የሚለው ሰው እኛን ቆመን ለክቶናል። ጣሪያው ተወጠረ፣ ተወጠረ፣ መሀሉ ላይ ቀጭ አለና ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ። የፊቱ ግማሽ ምንም ሳያውቅ ተንሳፍፎ ቀጠለ። እኛ የኋለኞቹ ቆምን። ያንን የሚጠብቅ ይመስል ደመናው ገለበጠው።

ክቡርነቱ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? መርፌውን ከኮሌታው መዘዘ። ዝናብ በአፍንጫው እየወረደ፣ ድልድይ መሀል ቆሞ፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ይታገላል! የፊተኛው ግማሽ እየራቀ ነው። አዋላጇ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው። አልተቆጣችም። ፊቷ ላይ የነበረው የታጠፈው አንሶላ ነው።

«ተወው» አለችው ቀስ ብላ። «ሞክረሃል።»

«ትንሽ ብቻ! እሰፋዋለሁ! እደርስበታለሁ!»

ያኔ አንድ ሰው እንደ እብድ ጮኸ። «ኢንጂነር! አትስፋው! ሁለት ይሁን! አጭሩ ይፈጥናል፤ አይረዝምም! አንድ ረጅም ከመሆን ሁለት አጭር ይሻላል! ተራመድ እንጂ!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። የጮኽኩት እኔ ነበርኩ።

ኢንጂነር መርፌውን ኮሌታው ላይ መልሶ ሰካ። ከዚያ ምሰሶውን አነሣና «ተራመዱ!» አለ። ሄድን። ግማሹ ጣሪያ ቀለል ያለ ነው፤ የሚጎትተውም የለም። የድልድዩን ቁልቁለት ልንሮጥ ምንም አልቀረንም። የፊተኞቹን ደርሰን አለፍናቸው፤ ዓሣ ሻጯ በእልልታ ሸኙን። የሆስፒታሉ በር ጠባቂ የመግቢያውን በር ሊዘጋ እጁን ዘርግቶ ሳለ፣ ግማሽ ትከሻዋ የራሰ አንዲት አዋላጅ በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች።

ማታ ወደ ሰፈር ልመለስ ስወጣ ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለውጧል። ኢንጂነር በሆስፒታሉ በር ላይ ግማሹን ጣሪያ አጣጥፎ፣ በሁለት ምሰሶ ብቻ ይዞ ቆሟል። ሱቁን ቀኑን ሙሉ አልከፈተም ማለት ነው። ብቻውን ሁለት ምሰሶ መያዝ አልቻለምና ጨርቁ ራሱ ላይ ወድቆ ሙሽራ አስመስሎታል። ባላየ ላልፍ ነበር።

እሷ ወጣች። እግሯን እየጎተተች ፊቱ ቆመች።

«እምቢ አልኳቸው» አለች።

እሱ ጨርቁን ከራሱ ላይ ገልጦ አያት።

«አንተ ሰውዬ፣ ግን ልብስ ሰፊ ነህ ወይስ ምንድን ነህ? ሰው ቆሞ ነው እንዴ የሚለካው?»

ፊቱ ነጣ። ቀኑን ሙሉ ያልገባው አሁን ገባው። ምሰሶዎቹን በእጄ አስያዘኝና ሜትሩን ከአንገቱ ሳበ፤ ካፊያው ውስጥ፣ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ።

«ተራመጂ» አላት።

«አሁን? ደክሞኛል እኮ!»

«ወደ ቤት ነው። ተራመጂ እንጂ!»

እየሳቀች ተራመደች። እሱ ከጎኗ እየተንፏቀቀ እርምጃዋን ይለካል፤ እኔ ከኋላ ሁለት ምሰሶ ይዤ፣ ጨርቁ እሷን እንዳይስታት እየተጠነቀቅኩ እከተላለሁ። እጄ ዝሏል። የተገናኘን ሰው ሁሉ ምን እያደረጋችሁ ነው ይለናል፤ እኔ እዚህ ያለሁት በአጋጣሚ ነው እላለሁ። ከዚያ ግን፣ ሰውየው መንገዱን ከመቀጠሉ በፊት፣ ክንዱን ያዝ አድርጌ እስቲ አንድ ነገር ልንገርህ እለዋለሁ።