ነጠላ የለበሰው ፖስተር

ሰው ምክር አይወድም ሲባል እሰማለሁ። ሐሰት ነው። ሰው ምክር ይወዳል፤ የማይወደው ስለ ሆዱ ሲመከር ነው። የጓዳዬን ነገር ማን ጠየቀህ ይልሃል፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን እንጀራዬ ሆኖ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። በታች ጋይንት ስለ ሕፃናት አመጋገብ የሚያስተምሩ ፖስተሮችን አዘጋጃለሁ።

ዘንድሮ ሥዕሉን ራሴ ሣልሁት። ጉንጯ ድንቡሽቡሽ ያለ ሕፃን ልጅ፣ እንቁላልና ካሮት የገባበት ገንፎ ስትጎርስ። ኃላፊዬ አየውና፣ ገበያ ላይ ስቀለውና እናቶች ቆመው ካላዩት፣ ልጅቷ ምን እንደምትበላም ካልነገሩኝ የአምናውን ጽሑፍ እናሳትማለን አለኝ። የአምናውን ጽሑፍ አንብበን የጨረስነው እኔና እሱ ብቻ ነን። የሦስት ሳምንት ድካሜ መሳቢያ ሊገባ ነው።

ዓርብ በጠዋት አርብ ገበያ ወርጄ ፖስተሩን ከገበያው ዳር አጥር ላይ ሰቀልሁት። ፍርሃቴ አንድ ነበር፤ በጾም ቀን እንቁላል ብሰቅል ምን ይሉኛል? ሕፃን አይጾምም የሚለውን መልስ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዣለሁ። የጠየቀኝ የለም። በርበሬ የሚሸጡት እማማ ጥሩዬ ሥዕሉን አየት አደረጉና ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ልጅቷን ከነገንፎዋ ሸፈኗት።

«ልጅ ስትበላ እንዲህ ለገበያ ዓይን ትሰጣለች?» አሉኝ።

ኧረ እማማ፣ ሥዕል እኮ ነው ብዬ ተከራከርሁ። ከማን አይተህ ሣልሃት አሉኝ። ከልጄ፣ አልሁ ቀስ ብዬ።

«ታዲያ አንጀትህ እንዴት ቻለ?»

እኔ የተዘጋጀሁት ለጾሙ ነው፤ ለዚህ አልነበረም። ኃላፊዬም ደርሶ ከባጃጅ ሲወርድ ያየው አጥር ላይ የተሰጣ ነጠላ ነው። ፊቱ ሲጠቁር የአምናው ጽሑፍ ታየኝ።

ግን እናቶቹ መጡ። ምን ተሸፍኖ ነው እያሉ ጠጋ ይላሉ፣ የነጠላውን ጠርዝ ገለጥ ያደርጋሉ፣ አይተው በጥንቃቄ መልሰው ይሸፍናሉ። ሰልፍ ሊይዙ ምንም አልቀራቸውም። ኃላፊዬ አንዷን ልጅቷ ምን እየበላች ነው ብሎ ጠየቃት። ግራ ቀኙን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ገንፎ በእንቁላል ነው፤ ካሮትም ጣል ተደርጎበታል። እርስዎም ቀስ ብለው ያውሩት እንጂ።»

ፖስተሩ ከላዩ የሚገለጥ ነጠላ መሳይ ወረቀት ተደርጎለት እንዲታተም ተወሰነ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቤቴ ገብቼ የእማማ ጥሩዬን ነገር ለባለቤቴ እየሳቅሁ ተረክሁላት፤ በዚህ ዘመን በዓይን የሚያምን ሰው አለ እኮ አልኋት። ይህን ስል ልጃችንን ገንፎ እያጎረስኋት ነበር። በሩን ግን አስቀድሜ ዘግቼዋለሁ።